ሊቀ የዋሃን ልዑልሰገድና የጥቅምት አምስቱ ቆሎ

ሌባ አያስፈራኝም፤ ሌባ ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል። ውሸታምም አያስፈራኝም፤ ጥያቄ ሲደጋገምበት ይደክመዋል። እኔን የሚያስፈራኝ የዋህ የሚባለው ሰው ነው። በየአጥቢያው አንድ አይጠፋም። አንድ ኮት፣ አንድ ጫማ፣ አንድ ሳህን አለው። በሩን አይቆልፍም። የነገሩትን ሁሉ ያምናል። ሰዉ ሁሉ "እንደሱ ያለ የለም" ይላል። እኔ ደግሞ እንደሱ ያለ የለም የተባለ ሰው ባየሁ ቁጥር ሻንጣውን ከፍቼ ማየት ያምረኛል።

ይህን ጠባይ ያመጣብኝ እንጀራዬ ነው። ከጅጅጋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የኬላ ፈታሽ ሆኜ ሠርቻለሁ። በሚያዝያ ሙቀት አምስት ቀሚስ ደርባ "ብርድ ብርድ አለኝ" ያለችኝን ሴት አይቻለሁ። ከትርፍ ጎማ ውስጥ ስልክ፣ ከልጅ ፍራሽ ውስጥ ሲጋራ አውጥቻለሁ። ከዚህ ሁሉ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ የሚያልበውንና የሚጨቃጨቀውን መንገደኛ ማሳለፍ፣ ፊቱ እንደ ሕፃን የሆነውን ግን ከመኪና ማስወረድ ነው።

ጋሽ ልዑልሰገድን ያወቅኳቸው በዚሁ ደንብ ነው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። እኔ ማዕረጋቸውን ከፍ አድርጌ ሊቀ የዋሃን እላቸዋለሁ፤ ይህን ስም ከባለቤቴ ከእስከዳር በቀር ማንም አልሰማም። የዛሬ ስንትና ስንት ዓመት ከሚኒባስ አስወረድኳቸው። የያዙት አንድ ፌስታል ነበር። በፌስታሉ ውስጥ ዳዊት፣ ማበጠሪያና ግማሽ ዳቦ አገኘሁ። ዳቦውን ቆርሼ አየሁ። ዳዊቱን ገጽ በገጽ ገለጥኩ። የማበጠሪያውን ማኅደር ገለበጥኩ። ሦስተኛ ዙር ልጀምር ስል "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ" አሉኝ፣ "ብዙ ሰው ለእኔ ይኼን ያህል ጊዜ የለውም።" ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ በፊታቸው ላይ ፌዝ ፈልጌ ማጣቴ ይበልጥ አስጠረጠረኝ።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ከእሳቸው ላይ አልተነሳም። ስልካቸውን በአንድ አጋጣሚ ተቀብዬ ባየው አንድም የተመዘገበ ስም የለበትም። ለምን ብላቸው "የሚፈልገኝ ይደውላል" አሉ። እስከዳር ለፋሲካ ጥሩ ሹራብ ገዝታ ብትወስድላቸው፣ የለበሱትን አሮጌ ኮት ግራና ቀኝ እያዩ "ይኼ ምን ጎደለው?" አሏት። የቃላቸው ማሰሪያ ይህ ነው። ጣሪያቸው ሲያፈስ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጠው "ይኼ ምን ጎደለው?" ይላሉ። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ በሙሉ ሲራገም እሳቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጨረቃን እያዩ እንዲሁ ሲሉ ሰምቻለሁ። ለጨረቃ።

በሒሳብ መምህርነታቸው ያስተማሩት ሻርማርኬ፣ አሁን በሰፈራችን ባጃጅ የሚነዳ ጎልማሳ ነው። በሶማሊኛ መምህር ማለት ማዓሊን ነውና ማዓሊን ነው የሚላቸው። የባጃጅ ሒሳብም አይቀበላቸውም። እኔን አዴር፣ አጎቴ ለማለት ነው፣ እያለ እስከ ሽራፊዋ ድረስ ያስከፍለኛል። ስለ ሰውዬው ምስክርነት ብጠይቀው የነገረኝ ይህ ነው።

"ተማሪ ሆኜ አርፍጄ ገባሁ አዴር። መንገድ ላይ ግመል ተኝታ አላሳልፍ አለችኝ አልኩት። ውሸቴን ነው። ማዓሊን አመነኝ። በሳምንቱ 'ግመሏ ደህና ናት?' አለኝ። በሌላው ሳምንት 'እግሯን አሟት ይሆን?' አለኝ። ወላሂ፣ ሦስት ሳምንት ስለ ግመሏ ጠየቀኝ። በአራተኛው ሳምንት ከሱ ቀድሜ ክፍል ገብቼ ተቀመጥኩ።"

ሻርማርኬ ይህን የሚያወራው በፍቅር ነው። እኔ ግን እንደ ባለሙያ ሰማሁት። አምኖት ነው ወይስ አውቆበት ነው? አውቆበት ከሆነ፣ ሰውዬው ውስጥ ያልተፈተሸ ቦታ አለ ማለት ነው።

ነገሩ ወደ ማኅበራችን ገብቶ ባይሆን ኖሮ ጥርጣሬዬን ይዤ እቀመጥ ነበር። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ እኛ በአጭሩ የአቡዬ የምንለው የጽዋ ማኅበር አለን። በየወሩ በአምስተኛው ቀን ተረኛው ቤቱ ይጠራናል፤ ቄሱ ዳቦውን ባርከው ይቆርሳሉ፤ በመጨረሻ ቀጣዩ ተረኛ ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከየክፍለ አገሩ ተመድበን መጥተን እዚሁ የቀረን መምህራን፣ ነርሶችና ጡረተኞች ነን። በከተማው ከተነሳው ከ2010ሩ የነሐሴ ሁከት በኋላ ብዙው ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ አሥራ አራት ነበርን የቀረን። ከመካከላችን ሰው ቢታመም የሚያስታምመው፣ ቢሞት የሚቀብረው ማኅበሩ ነው።

አቡዬ ማን እንደሆኑ የሚያውቅ ያውቃል። ጸጉራቸውን ለብሰው ከአንበሳና ከነብር ጋር የኖሩ፣ እህል ውኃ ያልቀመሱ፣ የእናታቸውን ጡት እንኳ ያልጠቡ ጻድቅ ናቸው። እኛም ይህን ጾማቸውን ለማሰብ በግ እናርድ ነበር። መጀመሪያ ዳቦና ጠላ ብቻ ነበር። ከዚያ አንዱ ዶሮ ጨመረ። ሌላው በዶሮው ላይ በግ ጨመረ። ሁለተኛውን በግ ማን እንደጀመረው አልናገርም፤ እስከዳር ግን ታውቃለች። የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ በወጉ ሙሴ የሚባለው አምሀ፣ ከዚህ ሁሉ በልጦ የጻድቁ ምስል ያለበት ቶርታ አሠርቶ አቀረበ። ምስላቸውን ለመቁረጥ ሁላችንም ስለፈራን ከዳር ጀመርን። አምሀ የአንበሳውን ራስ በላ።

ድግሱ እንዲህ ሲያድግ ማኅበርተኛው ቀነሰ። አንዷ ሥራ በዛብኝ አለች፣ አንዱ ቤቴ ጠባብ ነው አለ፤ አሥራ ሁለት ቀረን። እውነተኛውን ምክንያት የተናገረ የለም፤ የጠየቀም የለም። ተራውን የዘለለ ደግሞ ከማኅበሩ ይወጣል፤ ደንባችን ነው።

በ2017 መስከረም አምስት የዓመቱን ተራ ለመደልደል ዕጣ አወጣን። ዕጣ የአቡዬ ፈቃድ ስለሆነ መለወጥ ነውር ነው። አምሀ ጥቅምት ወጣለት፤ ፊቱ ወዲያው ጠቆረ። ጥቅምት አምስት የጻድቁ ዓመታዊ በዓል ስለሆነ ከወሮቹ ሁሉ ድግሱ የከበደ ነው። ጋሽ ልዑልሰገድ ነሐሴ ወጣላቸው። ነሐሴ የፍልሰታ ጾም ስለሆነ ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ሽሮ ሠርቶ መገላገል ነው። ኅዳር የደረሰው ለእፀገነት ነው። እፀገነት በተማሪዎች መኝታ ቤት የምታጸዳ ሴት ናት። ባሏ ወታደር ነበር፤ ዘመቻ ሄዶ አልተመለሰም። በአንዲት ክፍል ነው የምትኖረው፤ በዚህ ከተማ ከእኛ በቀር ዘመድ የላትም። ዕጣዋን ካየች በኋላ ወረቀቷን አጠፈቻት፣ ደግማ አጠፈቻት፣ የጥፍር ያህል እስክትሆን ድረስ አጠፈቻት።

እኔ ይህን አየሁ። ጋሽ ልዑልሰገድም ሲያዩ አየሁ። ትንሽ ቆይቶ ከጠረጴዛው ሥር የእሳቸውና የአምሀ ወረቀት ሲለዋወጥ ደግሞ አየሁ። አምሀ ፊቱ በራ።

ወደ ቤት ስንመለስ ለእስከዳር ነገርኳት። "ነሐሴን የሚያህል ወር ሰጥቶ ጥቅምትን የሚወስድ ጤነኛ ሰው የለም። የሚፈልገው ነገር አለ። ወይ ሙሴነቱን ፈልጓል፤ ወይ ደግሞ..."

"ወይ ደግሞ ምን?"

"ከእፀገነት ፊት ያለውን ወር ነው የመረጠው። ሲያያት አይቼዋለሁ።"

እስከዳር መንገድ ላይ ቆማ አየችኝ። "አንተ ሰው፣ አንተን ጡረታ ሲያስወጡ ኬላውን ከላይህ ሳይነቅሉልህ ነው እንዴ የቀሩት? ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው። አፍህን ሰብስብ።"

አፌን ሰበሰብኩ። ዓይኔን ግን አልሰበሰብኩም።

በጥቅምት አራት የሻርማርኬ ባጃጅ በእሳቸው በር ላይ ቆሞ አንድ ትንሽ ጆንያ ሲያወርድ ደረስኩ። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው "ሽንብራ ነው አዴር" አለ። ከሽንብራው ሥርስ ስለው "ከሽንብራው ሥር ሽንብራ ነው" አለ። በአውራ ጣቴ ጆንያውን በሁለት በኩል ወጋ ወጋ አድርጌ ሞከርኩት። እውነትም ሽንብራ ይመስላል። በግቢው ግን በግ የለም፣ የታሰረበት ገመድም የለም።

በማግስቱ አሥራ ሁለታችንም አምረን ተገኘን። ዓመታዊ በዓል ስለሆነ ቁርስ ያልበላን ነበርን። ቤቱ ተጠርጓል፣ ወንበር ከጎረቤት በውሰት መጥቷል። እኔ ገና ከበሩ ስገባ የሽንኩርት ሽታ አለመኖሩን ልብ አልኩ። ጸሎት ተደረሰ፣ ዳቦ ተቆረሰ። ከዚያ ጋሽ ልዑልሰገድ ከጓዳ የተቆላ ሽንብራና ስንዴ በሰፌድ ይዘው ወጡ። በሌላኛው እጃቸው የውኃ ማሰሮ ነበር።

"እንግዲህ አቅሜ ይኼው ነው" አሉ፣ "በሉ። ምን ጎደለ?"

ሁላችንም ዓይናችን የጓዳው በር ላይ ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ ከውስጥ ደግሞ ከአንድ ምድጃና ከአንድ ሳህን በቀር የሚታይ የለም። ቄሱ ብቻ ቆሎውን በእፍኛቸው ሙሉ ዘግነው በደስታ ይቆረጥሙ ጀመር። እየቆረጠሙም ስለ የዋህነት አስተማሩን። "የዋህ ማለት ሞኝ ማለት አይደለም" አሉ። "ልቡ ያልታጠፈ ማለት ነው። አባቶቻችን በረሃ የወረዱት ምግብ ጠልተው አይደለም፤ ልብ በሁለት ሲከፈል ስለሚያስቸግር ነው። ጌታም ርግብን ሲያመሰግን እባቡንም አልዘነጋውም።" ሌላው ሁሉ በሆዱ ያጉረመርማል። እኔ ስለ መታጠፍ የሰማሁትን ያዝኩት። በሃያ ሁለት ዓመት ያየሁት፣ ዕቃ የሚገኘው ሁልጊዜ ከእጥፋት ውስጥ ነው።

በመጨረሻ እፀገነት ጽዋውን ተቀብላ ይዛ ወጣች። ስትወጣ ፊቷን አላየሁትም፤ ትኩረቴ ሁሉ ከሰውዬው ላይ ስለነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከማኅበሩ አምስታችን በአንድ ሥጋ ቤት በአጋጣሚ ተገናኘን። እያንዳንዳችን ሰው ልንፈልግ እንደመጣን ተናገርን። ከዚያ አብረን በላን።

በዚያ ገበታ ላይ ነገሩ ተጠና። አምሀ የተለዋወጠበትን ወረቀት ረስቶ "ጻድቁ ተናቁ" አለ። እኔ ክሱን አዘጋጃለሁ አልኩ። ሌሊትም ቀንም አሰብኩበትና በወረቀት ላይ ሦስት ነጥብ አሰፈርኩ፤ አንደኛ የአቡዬን ዕጣ መለወጥ፣ ሁለተኛ ዓመታዊውን በዓል ማዋረድ፣ ሦስተኛ ለዚህ ሁሉ የተሠወረ ምክንያት መያዝ። በኅዳር አምስት በማኅበሩ ፊት አነበዋለሁ፣ ሰውዬው ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ አሻፈረኝ ካሉም ይሰናበታሉ። ወረቀቱን በደረት ኪሴ ይዤ ወደ እፀገነት ቤት ሄድኩ።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ግማሻችን አግዳሚ ላይ፣ ግማሻችን አልጋዋ ላይ ተቀመጥን። የአልጋ ልብሱ ገና ታጥቦ ስለነበር ሳሙና ይሸታል። ዳቦው በእጇ የተጋገረ ነው። ከዳቦው በኋላ ቆሎ በሰፌድ አቀረበች፤ ውኃውን በንጹሕ ማሰሮ ቀዳች። ክሴን ለማንበብ ጉሮሮዬን ስጠርግ እሷ ቀደመችኝ።

"አንድ ነገር ልናገር" አለች። ቆማ ነበር። "ዘንድሮ ተራዬ ሲደርስ ልሰናበታችሁ ነበር። በግ ከየት አመጣለሁ ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነው የከረምኩት። ምክንያት ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ አገሬ ልገባ ነው ልል ነበር። አገሬ የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ጋሽ ልዑልሰገድ ያቀረቡትን ሳይ ግን፣ ይኼንንማ እኔም እችላለሁ አልኩ።" ከዚያ ሰፌዱን አንስታ ከቄሱ ጀምራ ዞረች።

አምሀ አንገቱን ደፋ። እኔ ጋሽ ልዑልሰገድን አየሁ። ከእፍኛቸው ውስጥ ያላረረውን ሽንብራ እየመረጡ ይበሉ ነበር፤ ቀና ብለው አላዩንም። ወረቀቱ ከደረቴ ላይ ከብዶኝ ነበር። አላነበብኩትም። አፍሬ ነበር፣ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሲወጡ ተከትዬ ከደጅ ያዝኳቸው። "ጋሽ ልዑልሰገድ፣ አውቀው ነው ያደረጉት።"

ግራና ቀኝ አዩ። ጥፋተኛ መንገደኛ ሲያዝ የሚያሳየውን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በእሳቸው ላይ አየሁት። "ቀስ ብለህ ተናገር ሰይፈ። እንዳትሰማ።"

"ነሐሴን ለእሷ መስጠት አይሻልም ነበር? ጾም ነው፣ ይቀላታል።"

"ለዘንድሮ ይቀላታል። ለከርሞስ? ደግሞ ምጽዋት ይሆንባታል። ከእሷ በፊት ሰው መዋረድ ነበረበት። እኔ ብዋረድ ማንም አይገረምም።" ወደ በሯ መለስ ብለው አዩ። "ግን በድያለሁ። አቅሜ ይኼው ነው ብዬ ዋሽቻለሁ። ለአንድ በግ የሚሆን አስቀምጬ ነበር። በአፌ አንድ፣ በልቤ ሌላ ይዤ በጻድቁ ገበታ ፊት ቆምኩ። ሁለት ልብ ማለት ይኸው አይደል? ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ።"

"ምን አሉዎት?"

"አርባ ስግደት ሰጡኝ። ከዚያ ሳቁና፣ ለከርሞም አስብበት አሉኝ። ጉልበቴ ግን ለከርሞ እንጃ።"

እንግዲህ ያን ሁሉ ዓመት የፈለግኩትን ዕቃ አገኘሁ። ጥርጣሬዬ ልክ ነበር፤ ሰውዬው ደብቀዋል። የደበቁት ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን በምን መዝገብ እንደሚጻፍ በሥራዬ ዘመን ያስተማረኝ አልነበረም። ልባቸው ሁለት ሆኖ ነበር፤ ሁለቱም ወደ አንድ ሰው ነበር የዞሩት። ይህ ከየዋህነት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም፣ ለቄሶች እተወዋለሁ።

ታኅሣሥ በነቢያት ጾም አለፈ። ጥር አምስት ተራው የእኔ ነበር። ገናም አልፎ ሰው ሁሉ በፍስክ ላይ ስለነበር እኔ ልማዴን ይዤ ስለ በግ ማሰብ ጀመርኩ። እስከዳር ሰማችኝና "እኔ የምቆላው ሽንብራ ነው" አለች። "በየዓመቱ ሁለት በግ ስትጥል፣ ሦስት ቀን ሙሉ እግሬ ሲያብጥ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?" አልጠየቅኳትም ነበር። ቆሎ ሆነ። ማኅበሩ ደስ ብሎት ዋለ። ሥራ በዛብኝ ብላ የወጣችው ሴት እንኳ ወሬውን ሰምታ ተመልሳ ነበር፤ የቆረጠመችውም ከሁሉ በላይ እሷ ናት።

ጋሽ ልዑልሰገድ ግን አልተጫወቱም። ቆሎውን ቀስ እያሉ ይበላሉ፣ ደግሞ ወደ ጓዳችን ያያሉ። ሁሉም ከወጣ በኋላ ከበሩ ላይ ዘገዩ። ኮታቸውን ቆለፉ፣ ፈቱ፣ ደግመው ቆለፉ።

"ሰይፈ" አሉኝ፣ "በግ የለም?"

"ምን አሉ ጋሽ ልዑልሰገድ?"

"ሰይፈማ አይቀርለትም፣ ያርዳል ብዬ ነበር። እኔ ሥጋ እወዳለሁ። በጣም እወዳለሁ። የማገኘው እዚህ ማኅበር ላይ ብቻ ነበር፣ በወር አንዴ። ገናንም በሽሮ ነው ያሳለፍኩት።" ይህን ሲናገሩ ቅሬታም ሀዘንም አልነበረባቸውም፤ የሆነውን ነው የነገሩኝ። ከዚያ ደህና እደር ብለውኝ ቁልቁል ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በሩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። በመስከረም ያንን ወረቀት ከጠረጴዛ ሥር ሲለውጡ የሰጡት ነሐሴን ብቻ አልነበረም። ከወሩ ውስጥ የሚወዷትን አንዲቷን ሳህን አውቀው ሰጥተዋል፣ ለማንም ሳይናገሩ። እኔ ደግሞ ዳቦአቸውን ቆርሼ ያየሁ ሰው ነኝ።

በማግስቱ ማክሰኞ ስለነበር ጾም አልነበረም። በግ አረድኩ። አስጠራኋቸውና መጡ፤ በምን ምክንያት ነው ቢሉኝ ምክንያት የለውም አልኳቸው። አመኑኝ። እስከዳር ጥብሱን አቀረበችና ወደ ጓዳ ገባች። ሁለት እጃቸውን ታጥበው፣ ባርከው፣ መብላት ጀመሩ። አበላላቸውን ማየት ያምረኝ ነበር፤ እወዳቸዋለሁና። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳይ የኖርኩ እኔ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አዞርኩና፣ አጥንቱን ጠርገው እስኪጨርሱ ድረስ የመንገዱን ባጃጅ ስቆጥር ቆየሁ።